አራት ከአሥር

የምሠራው ደሴ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ሽቅብ፣ አመሻሽ ላይ ቁልቁል። ደሴ ሹራብ ያስደርባል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡ ክንዴ ላይ ይሆናል። ስንት ዓመት እንዲህ እንደተመላለስኩ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ እኔ አልቆጥርም፤ ጉልበቴ ይቆጥረዋል።

ሥራዬ በአንዲት ትንሽ የልጆች ንባብ ቤት ውስጥ መጻሕፍት መመዝገብ፣ የተቀደደ መለጠፍ፣ ያልመለሰ ልጅ እናት ዘንድ መልእክት መላክ ነው። ጦርነቱ ከገባበት ከዚያ ክፉ ዓመት የተረፉን መጻሕፍት ብዙ አይደሉም። ሽፋን የሌላቸው አሉ፤ መጨረሻቸው ተገንጥሎ የጠፋም አሉ። መጨረሻ የሌለውን ማን ይዋሳል ብዬ አንድ ካርቶን ውስጥ ለብቻ አስቀምጫቸው ነበር። የሚዋስ ተገኘ። በግቢያችን የምትኖር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል። እናቷ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ክፍላቸው ከኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ልጅቷ የእጅ ቦርሳዬ አብጦ ካየች በር ላይ ትጠብቀኛለች።

«ለምንድነው መጨረሻ የሌለውን የምትመርጪው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምክር የለበትማ» አለችኝ። «መጨረሻ ያለው ሁሉ መጨረሻው ላይ ‹ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?› ይላል። ፈተና ነው እንዴ ያነበብኩት?»

የምትወደው ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ልጆች አንድ ነገር ፍለጋ የሚሄዱበትና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆን። የምትወደውን ያህል ደግሞ አትምረውም። አንድ ነገር ካላመነች ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ውሸት» ብላ ትጽፋለች። የንባብ ቤት መጽሐፍ ላይ አይጻፍም ብዬ ከተቆጣኋት ወዲህ ብጣሽ ወረቀት እየቆረጠች በየገጹ መሃል ትሰካለች። መጨረሻ ላይ እንደ አስተማሪ ማርክ ትሰጣለች፤ ከአሥር። ስምንት ያገኘ መጽሐፍ አላየሁም።

ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን አውልቄ አልጋዬ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። እሷ ደፉ ላይ ትቀመጥና ትጀምራለች።

«አራት ልጆች ዋሻ ገቡ። እሺ። የአራቱም እናት የት ነበረች?»

«ሥራ ላይ ትሆናለቻ።»

«የኔም እናት ሥራ ላይ ናት። ግን የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ቁልፍ የያዘች ልጅ ዋሻ አትገባም፣ አክስቴ።»

ሌላ ቀን፦ «ለምንድነው ሁሌ ዳቦውን ሴቷ የምትይዘው? ዳቦውን ትይዛለች፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ይላል፤ ከዚያ ተሸክመዋት ይሄዳሉ። ዳቦውን ማን ያዘው በዚያን ጊዜ? አይጽፉትም።»

ሌላ ቀን፦ «ሌባው ሁሌ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለው። የኛ ሰፈር ሌባ እኮ ቆንጆ ነው። ወላሂ፣ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል።»

የትምህርት ቤቶቹን ደግሞ፦ «ድሃው ሁሌ ጎበዝ ነው፤ ሀብታሙ ሁሌ ይኮርጃል። እኔ ድሃ ነኝ፤ እኮርጃለሁም።»

እናቷ ከግድግዳው ማዶ ሰምታ «ምን አልሽ አንቺ!» ስትል አንገቷን ወደ ውስጥ ትሰብራለች።

እየሰማኋት ዝም እል ነበር። ድካም ነው ብላ ታስብ ነበር፤ ድካምም ነበር። ግን ሌላም ነገር ነበረበት። እኔም አንድ የልጆች ታሪክ ጽፌ ነበር። ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንድ መቶ ሃያ ገጽ ለማትሞላ ታሪክ። አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተስተካከለልኝ ሚኒባስ ውስጥ ይዤው እወጣለሁ፤ ይዤው እወርዳለሁ። ስለመጻፌ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የፈራሁት መሳቂያ መሆንን ነው፤ ምክንያቱም የጻፍኩት ስለ ትምህርት ቤት ነው፣ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው።

የተወለድኩት ከቢስቲማ ወዲያ፣ ገጠር ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ መጣሁ፤ ሁለት ዓመት ቤት ዋልኩ፤ ከዚያ የአክስቴ ባል አንድ ቀን ምሳ ላይ «ይቺ ልጅ ለምን አትማርም?» አለ። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ከዚያ በፊት የጠየቀ ግን አልነበረም። አንደኛ ክፍል ገባሁ። እኩዮቼ ልጅ አቅፈው ለክትባት ሲሰለፉ እኔ ክፍልፋይ እማር ነበር። የኋላውን ክፍል በማታ ትምህርት ጨረስኩት።

የጻፍኩት ታሪክ ይህን ይመስላል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትምህርት ቤቱ እንደ ደወል የሚጠቀምበት፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ አለ። አንድ ጠዋት ቸርኬው ይጠፋል። ትልቋ ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ሆና ፍለጋ ትወጣለች። ልጅቷ የምትወዳቸውን ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው።

በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለየትምህርት ቤቱ ንባብ ክፍል የሚታተሙ የልጆች ታሪኮች እየሰበሰበ መሆኑን ሰማሁ። የመጨረሻው ቀን አንድ ዓርብ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚሰበሰብ የሚያውቅ የለም። ልሰጥ ወሰንኩ። ግን ከመስጠቴ በፊት የልጅ ዓይን እንዲያየው ፈለግሁ። ሰባት ዓመት የደከምኩበት ነገር ልጆች የማያነቡት ከሆነ ቢቀር ይሻለኛል፤ ካርቶን ውስጥ ሌላ ወረቀት መጨመር አልፈልግም። አንባቢ ደግሞ ከአንዷ በቀር አላውቅም።

«ይሄ ገና መጽሐፍ ያልሆነ ነው» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። «ማን እንደጻፈው አይነገርም።»

«አንቺም አታውቂም?»

«አንብቢና ማርክ ስጪ።»

«ወላሂ በይ አታውቂም?»

«ሂጂ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው» አልኳት። እናቷ አልጠራቻትም። በውሸት መማል ግን አልፈለግሁም።

አራት ቀን ያዘችው። አምስተኛው ቀን ደፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሹራቤን ሳላስቀምጥ «እሺ?» አልኳት።

«አራት።»

«ከአሥር?»

«ከስንት ሊሆን ነው? ደግሞ አራቱም ለቸርኬው ነው። ቸርኬው ሲጠፋ አሪፍ ነው። ሌባው ጠባሳ የለውም፤ ልጆቹ እናቶቻቸውን ዋሽተው ነው የሚወጡት፤ ጥሩ ነው። ምዕራፍ ሁለት ግን…» ብላ ወረቀቱን ገለጠች። ኅዳጉ ላይ ከላይ እስከ ታች «ውሸት፣ ውሸት፣ ውሸት» ይላል። መጽሐፍ ስላልሆነ ወረቀቱ ላይ ጽፋበታለች።

ምዕራፍ ሁለት ትልቋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የገባችበት ቀን ነው። ትንንሾቹ ፈገግ ብለው ይቀበሏታል። አንዱ ወንበር ላይ ጠጋ ይልላታል፣ አንዷ እርሳስ ትሰጣታለች፣ አንዱ ስሟን ይጠይቃታል። ሰባት ዓመት ሙሉ በጣም የደከምኩበት ምዕራፍ እሱ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ትምህርት ቤት ሄዶ አያውቅም» አለች።

«ሰውዬ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እንጃ፣ ሰውዬ ይመስላል። አክስቴ፣ እኛ ክፍል እንዲህ ያለች ነበረች። ከኩታበር የመጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ከኛ ጋር። ጠጋ ያለላት ሰው የለም። ‹ሙሽራዋ› ነበር የምንላት። ‹ሙሽራዋ ሠርግሽ መቼ ነው? ሥጋ እንብላ እንጂ!› ይሏታል።»

«ማነው የጀመረው?»

«እንጃ። ሁላችንም።»

«አንቺም ብለሻታል?»

ጫማዋን አየች። «እኔም።»

«ከዚያስ?»

«ከመንፈቅ ፈተና በኋላ አልመጣችም።»

ድካም ሰውን አፉን ያስለቅቀዋል መሰለኝ፤ ድምፄ ከፍ አለ። «ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ ደግ አይኖርም? አንድ?»

«ይኖር ይሆናል። ግን ደጉ ክፍል ውስጥ ደግነቱን አያሳይም። እሱንም ‹ሙሽራው› ይሉታላ!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ማየቷን አላቆመችም። «አንቺ ለምን ተቆጣሽ?»

ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።

«አንቺ ነሽ እንዴ የጻፍሽው?»

ገጾቹን ማስተካከል ያዝኩ። ይህ አዎ ማለት እንደሆነ ለማወቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በቂ ነው።

«ያ ረቢ» አለች። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ትልቋ ልጅ…»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አሉሽ አንቺን?»

ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ያን ቀን የለበስኩት የአክስቴን ኮት ነበር፤ ቁመቴ አሁን ያለኝ ቁመት ነው። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ የክፍሉን በር ገፋሁ። ስልሳ የሚሆኑ የሰባት ዓመት ልጆች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉና ድምፃቸውን እየጎተቱ «እንደምን አደሩ ቲ—ቸር!» አሉኝ። አስተማሪያቸው መስዬያቸው ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲልሽ ትመልሻለሽ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን አደራችሁ» አልኳቸው። ሁሉም ቁጭ አሉ።

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሳቂ፣ ግድ የለም።»

«ቁጭ አሉ?!»

«ቁጭ አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ እውነተኛዋ አስተማሪ ከኋላዬ መጣች፤ እንደገና ብድግ አሉ። ያን ጊዜ ገባቸው።»

ጮክ ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀሪውን ነገርኳት። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ስሜ «ቲቸር» ሆኖ ቀረ። ውሃ ልጠጣ ስወጣ «ቲቸር ልውጣ?» እያሉ እጅ ያወጣሉ። ጥያቄ ስሳሳት «ቲቸር ተሳሳተች!» ይባላል። መንገድ ላይ ተሰልፈው ቆመው «እንደምን ዋሉ ቲቸር» ሲሉኝ አላፊው ሰው አክብሮት መስሎት ፈገግ ይልልኛል። እዚህ ስደርስ ሳቋ የለም። ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ ወሰደች፤ በእርሳሷ ጀርባ ላጲስ አራቱን አጠፋችና አሥር ጻፈችበት።

«ቅድም አራት አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው።»

«የቱ ጋ ተሳሳትሽ?»

«በቃ አሥር ነው፣ አክስቴ» አለችና ተነሥታ ሄደች። ያመጣሁላትን መጽሐፍ አልወሰደችም።

በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አሥር የከፋኝ ነገር የለም። በአራቱ ላይ መሥራት ይቻላል።

እሑድ ረፍቴ ነው። ልብሴን አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ምዕራፍ ሁለትን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ጠጋ የሚለውን ልጅ አወጣሁ፤ እርሳስ የምትሰጠውን አወጣሁ። ኮቱን፣ በሩን፣ ብድግ ማለታቸውን፣ ቁጭ ማለታቸውን አስገባሁ። ስሜ እንዴት እንደጠፋ አስገባሁ። ትልቋ ልጅ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ምዕራፉ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ለልጅቷ ሰጠኋት። ዓይኔን ሳታይ ተቀበለችኝ።

ማክሰኞ በር ላይ አልጠበቀችኝም። ረቡዕም። እናቷን ስጠይቃት «ምን አድርጋሻለች ልጄ? ስትመጪ ኮቴሽን ስትሰማ ትደበቃለች» አለችኝ። ምንም አላደረገችኝም አልኳት። ረቡዕ ማምሻውን ወረቀቱን በበሬ ሥር አሾለከችው። ላይኛው ገጽ ላይ «10/10። በጣም ቆንጆ ነው» ይላል። «በጣም ቆንጆ ነው» የሚል ቃል ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ኅዳጉ ንጹሕ ነው። አንድም «ውሸት» የለበትም።

የመጻሕፍት ጉዳት መመርመር ሥራዬ ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ አምፖሉ አዘንብዬ አየኋቸው። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ሻክሯል፤ የላጲስ ፍርፋሪ አለበት። ተጽፎ ጠፍቷል። እርሳሷን ተጭና ስለምትጽፍ ጉድጓዱ ቀርቷል፤ ቃሉን በጣት ማንበብ ይቻላል፤ «ውሸት» ይላል።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሹራቤንም ሳላስቀምጥ በራቸውን አንኳኳሁ። ቁልፍ የያዘችው እሷው ስለሆነች እሷው ከፈተች።

«እዚህ ጋ ‹ውሸት› ያልሽው ምኑን ነው?»

«ምንም።»

«አጥፍተሽዋል።»

«የኔ አይደለም።»

«ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት ልሰጠው ነው። ንገሪኝ።»

«ይከፋሻል።»

«ይከፋኛል። ንገሪኝ።»

ወደ ግቢው ተመለከተች፤ ሰው የለም። «መጀመሪያ ከፋሽ፤ አየሁሽ እኮ» አለች። «ከዚያ ደግሞ እኔ እንደነሱ ነኝ። እኔ ለአንቺ ማርክ ልስጥ?»

«እንደነሱ ስለሆንሽ ነው የምጠይቅሽ። እኔ እነሱን አላውቃቸውም። ያኔ ምን እንደሚያስቡ የነገረኝ የለም።»

የበሩን መቀርቀሪያ ስትገፋ ስትመልስ ቆየች። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ፤ እግሬ አብጦ ነበር።

«አለቀሰች ይላል» አለች መጨረሻ ላይ። «ምዕራፍ ሁለት ላይ ካለቀሰች፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ‹ቲቸር› አይሏትም። ልጅ ካለቀሰ ይደነግጣሉ፤ ለአስተማሪ ይነገራል፤ ይተዉታል። የኛዋ አላለቀሰችም። ‹ሙሽራዋ› ስንላት ደብተሯን አውጥታ የዕለቱን ቀን ትጽፍ ነበር። ለዛ ነው ያልተውናት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ብታለቅስ እንተዋት ነበር፣ አክስቴ። ወላሂ እንተዋት ነበር።»

እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ በደንብ አላውቅም። ሹራቤን ሰጠኋት፤ ፊቷን ጠረገችበት።

እውነቷን ነበር። አላለቀስኩም። በዚያን ቀንም፣ በአራቱም ዓመት። አስተማሪዋ ቦታ ስታሳየኝ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዳለ ገለበጥኩት። ለቅሶውን የጨመርኩት እሑድ ዕለት መስኮቱ ሥር ነው፤ አንባቢ እንዲያዝንልኝ። ለራሴ ብቻ የሚታወቅ ውሸት መስሎኝ ነበር።

ለመተየብ ጊዜ አልነበረኝም። ዓርብ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የለቅሶውን አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰረዝኩ፤ ሐረጎ ላይ መኪናው ሲታጠፍ መስመሩ ተጣመመ። በላዩ «ደብተሯን አውጥታ የሰሌዳውን ገለበጠች» ብዬ ጻፍኩ። ደሴ ጭጋግ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ወጣት ነው፤ ወረቀቱን አገላብጦ ያን ገጽ ሲያገኝ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ንጹሕ ቅጂ የለዎትም?»

«የለኝም።»

«ይሄ ስርዝ…»

«እርማት ነው።»

ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠው። «እንደውልልዎታለን» አለኝ። እስካሁን አልደወሉም፤ የዚህ አገር ወረቀት ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ።

ያን ቀን ስመለስ ልጅቷ ደፉ ላይ ነበረች፤ ታጥቦ የታጠፈ ሹራቤን ይዛ።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«ለቅሶውን አወጣሽው?»

«አወጣሁት። አሁን ስንት ነው?»

ጣሪያውን እያየች አሰበች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ስድስት» አለች። ቀጥላ፣ እኔ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ሌባው መጨረሻ ላይ ይቅርታ የሚጠይቀው ግን ለምንድነው? ማን አስገድዶት?»

«አሁን ይነገራል እንዴ? ሰጥቼዋለሁ እኮ።»

«አንቺ ነሽ ንገሪኝ ያልሽው።»

«ነገ» አልኳት። «ነገ ንገሪኝ።» ከቦርሳዬ መጨረሻ የሌለው አንድ መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋትና አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። እሷ አልሄደችም፤ እዚያው ደፉ ላይ ማንበብ ጀመረች።